ሚካኤል ያልተቀበላት ብር

ሰቆጣ ውስጥ ማር እሸጣለሁ። ማር እየሸጠ ሰው የሚያምን ነጋዴ ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ይዘጋል። ማሰሮው አፉ ላይ ነጭ ማር፣ ወገቡ ላይ የፈላ ስኳር፣ ከሥሩ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ረጅም እንጨት እስከ ታች ሳልሰድ፣ ጠብታውን በጣቴ ወስጄ ሳልስበው፣ ባለቤቱንም ዓይን ዓይኑን ሳላየው አልገዛም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» የሚለው ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእኔ እንጀራዬ ነው። እናቴ በዚህ ጠባዬ ስትቀልድ «አንቺን የሚያገባ ሰው በየቀኑ ሊፈተሽ ነው» ትለኝ ነበር። አገባሁ፤ ፈተሽኩት፤ ሄደ። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

እናቴ በተቃራኒው ማንንም አትጠረጥርም። ሰው «ነገ እመጣለሁ» ካላት ነገ ምሳ ጨምራ የምትሠራ ሴት ናት። አንገቷ ላይ የነበረችውን ብር እንኳ አንድም ቀን ገልብጣ አልመረመረቻትም።

ብሯ ከማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጎን የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር ነበረች። ጠገራ ብር አይደለችም፤ ጠገራ ከእሷ አጠገብ ቢቀመጥ ሰፌድ ይመስላል። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ብትሰፋ ነው። ክብነቷም የይምሰል ነው፤ ዳሯ እንደተቆረሰ ቂጣ ወጣ ገባ ይላል። ከአናቷ ላይ አንድ የጥንት ሰው በስቶ ማንጠልጠያ አበጅቶላታል። በአንደኛው ገጿ ክንፍ ያለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀሚስ የለበሰ፣ በአንድ እጁ አክሊል ወደ ፊት የዘረጋ፣ በሌላው ትከሻው ላይ ዘንባባ ያጋደመ አንድ ፍጡር ይራመዳል። በሌላኛው ገጿ የአንድ ጢማም ሰው ራስ በጎን ይታያል። ጠጉሩ የተጠቀለለ ነው፣ በቅጠል ታስሯል፣ የቅጠሉም ጥብጣብ ማጅራቱ ላይ ተቋጥሮ ተንዘርፍፏል። ዙሪያውን ሰቆጣ ውስጥ ማንም የማያነበው ፊደል አለ።

እናቴ ክንፋሙን ወደ ውጭ፣ ጢማሙን ወደ ደረቷ አድርጋ ነበር የምታስራት። ለእሷ ክንፋሙ ሚካኤል ነው፣ አለቀ። ኮረዳ ሳለሁ አንድ ቀን ብሯን ጠጋ ብዬ አይቼ «እማ፣ ይኼ ሚካኤል ጡት አለው» ብላት እጄን በጥፊ መታችኝ። ጢማሙን ማንነቱን ጠይቃ አታውቅም። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውዬው አይጥመኝም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ሌላኛው ዓይኑ ምን እያየ እንደሆነ አይታወቅም። ብሯን ከአያቴ ወርሳታለች፤ አያቴ ከማን እንዳገኘቻት የሚናገር ሰው አልቀረም።

ታናሽ ወንድሜ ዓምና መኸር እንደተሰበሰበ ዐረብ አገር ሊሻገር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወጣ። የእኛ አገር ጎረምሳ የሚወጣበት መንገድ ያው ነው። እንዳይሄድ ያልሆንኩት የለም፤ ደላላውን ሰደብኩ፣ እሱን ረገምኩ፣ በመጨረሻ ስንቅ ቋጠርኩለት። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ወሬ የለም። እናቴ ከሚካኤል ደጃፍ ቆማ ስትሳል አጠገቧ ነበርኩ። «ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ ከአንገቴ አውልቄ እሰጥሃለሁ» አለች። ከዚያች ብር ሌላ የሚሰጥ ነገር ስላልነበራት አይደለም። ፍየል ነበራት። የምትወደውን መስጠት ፈልጋ ነው።

በጥቅምት መግቢያ ስልኳ ጠራ። እኔም ጆሮዬን ስለደቀንኩ ስለ ድምፁ ጥርጣሬ የለኝም፤ ወንድሜ ነበር። «እማ፣ ደህና ነኝ። ባሕሩ እዚሁ ይታየኛል። ማዶ ስደርስ እደውላለሁ» አለ። ተቋረጠ። እናቴ ስልኩን ከደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች፤ ከዚያ ማተቧን መፍታት ጀመረች።

«እማ፣ ማዶ ይድረስና» አልኳት።

«የተሳልኩት ድምፁን ነው። ድምፁን ሰጠኝ። እኔ ከመልአክ ጋር አልከራከርም።»

በእኛ ደብር ስለት የደረሰለት ሰው ዝም ብሎ አስረክቦ አይሄድም። ለዓመቱ በዓል ካህኑ በድምፅ ማጉያ ያስነግሩለታል፤ ባለስለቷ ብድግ ትላለች፤ ሕዝቡ እልል ይላል። እናቴ ያንን እልልታ ነበር የምትፈልገው። እልል ያልተባለለት ስለት ለእሷ ገና ያልደረሰ ነው። ስለዚህ ለኅዳር ሚካኤል ጥቂት ሳምንት ሲቀር ብሯን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ፣ ስለት ወደሚቀበሉት ካህን ሄደች። እኚህ ካህን የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። እኔን ያጠመቁኝም እሳቸው ናቸው። ጥላ ሲመጣ፣ ምንጣፍ ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ የማይሠራ ሬዲዮ ሲመጣ እንኳ መርቀው የተቀበሉ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ልጄ ደወለልኝ» አለች እናቴ፣ ጨርቁን እየፈታች።

ካህኑ ፊቷን አላዩም። ብሯን ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጧት፣ ገለበጧት፣ መልሰው ገለበጧት። እንዲህ የሚያገላብጥ ሰው አውቃለሁ፤ ዋጋ ሊያወርድ ያሰበ ገዢ ነው። ቆይተው ጢማሙን ሰውዬ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይኼ የቄሣር መልክ ነው» አሉ። «ጌታ የተሸጠበት ሠላሳው ብር የቄሣር መልክ ነበረበት ይባላል። የደም ዋጋ ከሆነች ወደ መቅደስ አትገባም። ይጣራ። ለጊዜው ይቆይ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ያኔ ገባኝ። ዕድሜዋን ሙሉ በአንገቷ ያሰረቻት፣ እኛን ስታጠባ ፊታችን ላይ ትወዛወዝ የነበረችው ብር ከሠላሳዎቹ አንዷ ልትሆን ነው። ለልጇ የተሳለችውም በእሷ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ልጄን በምን አስያዝኩት?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሯን መልሳ አላሰረችም። ተስላባታለችና የእሷ አይደለችም፤ ሚካኤልም አልተቀበላትምና የእሱ አይደለችም። ከነጨርቋ ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠቻት። ከምግብ ራቀች። ወንድሜም አልደወለም፤ እሷ ያንን ከብሯ ጋር አገናኘችው። ስለቱ መንገድ ላይ ቀርቷልና ልጁም መንገድ ላይ ቀርቷል፤ በእሷ ሒሳብ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ብሯ ተቀባይ ካገኘች ስልኩ ይጠራል።

እኔ ደግሞ የራሴን ሒሳብ ያዝኩ። ባለፈው ክረምት አሮጌ ነገር እገዛለሁ የሚል መነጽራም ሰው ከተማውን ሲዞር ከርሞ ነበር። ካህኑ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለእናቴ የደም ዋጋ የሆነችው ብር ለመነጽራሙ ምን እንደሆነች ለመገመት ቄስ መሆን አያሻም። ብሯን ፎቶ አነሳኋትና ድሮ ግቢያችን ተከራይቶ ለነበረ የታሪክ መምህር በስልክ ላክሁለት። አሁን ጎንደር ነው የሚያስተምረው። ምን እንደሆነች፣ የማን መልክ እንደሆነ፣ ከሠላሳዎቹ ልትሆን ትችል እንደሆነ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። መልሱ ግን ቆየ።

በዚያው ሳምንት ማር ልገዛ አምደወርቅ ወረድሁ። እዚያ ለዓመታት የምገዛት ሴት አለች። ለአንድ ጣሳ ማር ቤተሰብ እስኪያፍርብን የምንነታረክ ደንበኛሞች ነን። የዚያን ቀን ግን የጠራሁትን ዋጋ ሳትከራከር ተቀበለች። እንዲያውም ከላይ ጨመረችልኝ። እናቴን እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝና መልሱን ሳትሰማ ጎንበስ ብላ ማሰሮ ማሰር ጀመረች። የማር ነጋዴ ካልተከራከረች ማሩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። እንጨቱን እስከ ታች ሰደድሁት፣ ጠብታውን በጣቴ ሳብሁት፣ ቀመስሁት። ንጹሕ ነበር። ይኼ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ። የብሯ ወሬ አምደወርቅ ደርሷል፤ የደም ዋጋ የታሰረባት ሴት ልጅ ናት ብላ ፈርታኛለች ብዬ ደመደምኩ። አኩርፌ ተሰነባበትኳት።

ስመለስ አጎቴ እቤት ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ የቤተሰባችንም ሽማግሌ። ከፃግብጂ በእግራቸው ነው የመጡት። አጎቴ ለሰርግና ለለቅሶ ካልሆነ ከከብቶቻቸው ተለይተው የሚያድሩ ሰው አይደሉም፤ ደግሞ ማሳው ላይ ማሽላው ቆሟል።

«በደህና ነው፣ አጎቴ?» አልኳቸው።

«እህቴ ናፈቀችኝ» አሉ። አጎቴ በሕይወታቸው ናፈቀኝ ብለው አያውቁም።

የእናቴን ባዶ ማተብ አዩና ብሯ የት እንደሄደች ጠየቁ። እናቴ ነገሩን ሁሉ በኽምጣንጋ፣ በአገራችን የአገው ቋንቋ፣ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ይቆይ» አሉ። ካህኑ ያሉትን ያንኑ ቃል። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየሄዱ ከካህኑ ጋር ግንቡ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ ስደርስ ወሬያቸው ይቆማል። በአማርኛ ይሁን በኽምጣንጋ ለውጥ የለውም፣ ሁለቱንም እሰማለሁና ሁለቱንም ያቆሙታል። አሁን ገባኝ አልኩ በልቤ። ብሯ የአያቴ ነበረች፤ አጎቴ ድርሻዬን ሊሉ ነው፤ ካህኑ አሻሽጠው ሊካፈሉ ነው። አጎቴ የእናቴን እጅ ይዘው ሲቀመጡ እንኳ ጣቷ ላይ የቀረ ቀለበት እንዳለ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እናቴ ነጭ ለብሳ ሄደች። ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም የስለቱ ሰዓት መጣ። ልጅ ስጠኝ ብላ ተስላ የወለደች፣ ዓይኑ የበራለት፣ ከብቱ የተገኘለት እየተጠሩ ተነሡ፤ ሕዝቡ ለእያንዳንዳቸው እልል አለ። እናቴም ለሁሉም እልል ብላለች። የእሷ ስም ሳይጠራ ማጉያው ተዘጋ። ቀና ብላ ካህኑን አየቻቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ያኔ ጠላኋቸው። ያጠመቁኝን ሰው ከልቤ ጠላኋቸው።

በማግስቱ የመምህሩ መልስ በድምፅ መጣ። ሱቄ ውስጥ ማሰሮ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ሰማሁት። ብሯ የሮማውያን ናት አለ። ጢማሙ ሰው በእርግጥም ቄሣር ነው፤ ግን ጌታ ከተሰቀለ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የነገሠ ቄሣር ነው። ምልክቱ ጢሙ ነው አለ፤ በስቅለቱ ዘመን የነበሩት ቄሣሮች ተላጭተው ነው የሚሣሉት፣ ጢም ማስረዘም በኋላ የመጣ ፋሽን ነው። ስለዚህ ከሠላሳዎቹ ልትሆን አትችልም። ምናልባት በጥንት ጊዜ ከባሕሩ ወደብ ከነጋዴ እጅ ወደ ነጋዴ እጅ እየተላለፈች እኛ ተራራ ላይ ወጥታ ይሆናል አለ። ክንፋሙ ግን መልአክ አይደለም፤ ሮማውያን ድልን በሴት አምሳል ክንፍ አድርገውላት ነው የሚሥሉት፤ ሚካኤል የምትሉት እሷ ናት ብሎ ሳቀ።

ይህን ሁለተኛውን ለማንም እንደማልናገር ወዲያው ወሰንኩ። የሚጠቅመኝ ጢሙ ነበር።

ሱቄን ልዘጋ ስል አጎቴ ብቅ አሉ። «ነገ ወደ ገበያ እንዳትወጪ፣ ከእናትሽ አትራቂ» አሉኝ። ዛሬ ከዘመድ ቤት እንደሚያድሩም ነገሩኝ። ለምን ብላቸው «ነገ ሰው ይመጣል» ብቻ አሉ። ሽማግሌ ሰብስበው ብሯን በሽምግልና ሊወስዷት እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ብዬ፣ ከሥዕሉ ሥር ብሯን አንስቼ፣ ከእናቴ ተደብቄ ወደ ካህኑ ገሰገስኩ። ሰዓቱ ወደ አሥር ተኩል ግድም ነበር። ግንቡ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጠሁም። ብሯን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ጢሙን አሳየኋቸው። የተነገረኝን አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ፤ የተላጩት ቄሣሮች እነማን እንደነበሩ፣ ጢሙ መቼ እንደመጣ፣ በመካከሉ ስንት ትውልድ እንዳለፈ። እንዲከራከሩኝ ጠብቄ ነበር። ለክርክሩም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ከሠላሳዎቹ አይደለችም።»

«ታዲያ ይቀበሏታ! ለሚመጣው ወር ሚካኤል ይንገሩላት። እናቴ ምግብ ከተወች ሰነበተች፤ እርስዎ ነዎት ያስተዉአት።»

ብሯን በሁለት እጃቸው ያዟት።

«ልጄ፣ ብሯን ፈርቼ አይደለም» አሉ። «ያን ቀን እናትሽ ልጄ ደወለልኝ ብላ ስትመጣ እኔ ሰምቼ ነበር። ምን ልበል? የቄሣሩን ነገር አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። ስለቷ ደረሰላት ብዬ ሕዝቡን እልል ማስባል አልቻልኩም።»

ምን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን መናገር ከጀመሩ ወዲያ አላቆሙም። ወንድሜ በደወለ በማግስቱ ነው ጀልባው የተገለበጠው። አብሮት የነበረ የአምደወርቅ ልጅ ተርፎ ማዶ ደርሷል፤ ለእናቱ ደውሎ በዓይኑ ያየውን ነግሯታል። እናትየው ማር ሻጯ ናት። እሷ ናት ተነሥታ መጥታ ለካህኑ የነገረችው። መርዶ የሚያረዳው የቤት ሽማግሌ ነውና ወደ ፃግብጂ ለአጎቴ ተላከ። አጎቴ ሲደርሱ በዓሉ ተቃርቦ ነበር፤ የመልአኩን በዓል በለቅሶ አናደፍርስባት፣ ይለፍ ተባለ። ይለፍና በማለዳ፣ ጎረቤቱ ሳይበተን እናረዳታለን ተባለ። ለእኔም ከእሷው ጋር ሊነግሩኝ ነበር ያሰቡት።

መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። በሁሉም ተናደድኩ፤ በእሳቸው፣ በአጎቴ፣ ከላይ በጨመረችልኝ ማር፣ በመምህሩ ሳቅ። ይቺ ጥፍር የምታህል ብር ያንን ባሕር ተሻግራ እዚህ ደርሳለች፤ እኛ አጉርሰን ያሳደግነው ልጅ ሊሻገረው አልቻለም። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው ይሁን በልቤ አላውቅም። ካህኑ ብሯን መልሰው በእጄ ላይ አድርገው ጣቶቼን ራሳቸው አጠፉልኝ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን» አሉ። «እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ዛሬ እራቷን አጥግቢያት። ከነገ ወዲያ እህል በአፏ መቼ እንደሚዞር አይታወቅም።»

ቤት ስደርስ ፊቴን ታጥቤ ነበር የገባሁት። ሽሮ ሠራሁ፣ ቅቤ አበዛሁበት፣ እንቁላልም ጠበስኩ። እናቴ ማዕዱን አየች። ብሯ ከቦታዋ እንዳልነበረች አውቃለች።

«አባ ምን አሉሽ?»

«ከሠላሳዎቹ አይደለችም አሉ። ጢሙን አይተው አረጋገጡ። የደም ዋጋ አይደለችም፣ እማ።»

ዓይኖቿን ጨፈነች፤ አማተበች። ትከሻዋ ከስንት ቀን በኋላ ሲወርድ አየሁት። እውነት ስለነበር ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳት።

«ታዲያ ተቀበሉሽ?»

እንጀራውን ጠቅልዬ አጎረስኳት። ተቀብላ አላመጠች። ደግሜ ጠቀለልኩ፣ ቅቤው ያለበትን መርጬ። ሁለተኛውንም ተቀበለች፤ ሦስተኛው ላይ እጄን በአየር ላይ ያዘችውና አየችኝ። እኔ ማር የምመረምርበትን ዓይን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ አየሁ።

«ታላቅ ወንድሜስ?» አለች።

«አጎቴ ዛሬ ዘመድ ቤት ያድራሉ።»

እጄን ለቀቀችኝ። ጉርሻውን ወሰደች። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልለምናት በራሷ እጅ መብላት ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ሳህኑ እስኪጸዳ በላች። ውኃ አፈሰስኩላት፤ እጇን ታጠበች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ተነሥቼ መዝጊያውን ገፋ ሳደርግ ከኋላዬ ተናገረች።

«አትቀርቅሪው» አለች። «በማለዳ ሲመጡ ደጅ ቆመው እንዳይጠብቁ።»